የሕይወት ትምህርት በሕፃናት መዝሙር፤ ስለ ትል፣ ስለ ቢራቢሮና ስለ ወባ ትንኝ አጭር ሂስ

ሕፃናት በዜማ የያዙት ነገር በቀላሉ ከልባቸው እንደማይጠፋ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ከአንባብያን መካከል በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ፊደሉን የቈጠረው በዜማ መሆኑን ያስታውሳል፤ አንዱን ፊደል ነጥለው ሲጠይቁት ይጠፋበትና ከመጀመሪያው ጀምሮ በዜማ ሲያወርደው ግን ያለ ችግር ይደርስበታል። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሰውነት ክፍሎችን ስምና የፕላኔቶችን ተራ የያዝነው በመዝሙር ነበር። ስለዚህ ዛሬ በየመዋዕለ ሕፃናቱ ስለ እንስሳትና ስለ ዕፅዋት በመዝሙር መማር መለመዱ የሚያስደስት እንጂ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመዝሙር ማስተማር ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ ለመከራከር ሳይሆን፣ የሚዘመረው ነገር እውነት ነውን? ሕፃኑስ የሚሰማው እኛ የምንለውን ነውን? ብሎ ለመመርመር ነው።

ለዚሁ ሲባል ከኮሌጃችን ብዙ በማይርቅ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሦስት ጧት ተቀምጠን፣ አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች የሚዘምሩትን ሰማን፤ ከመዝሙሩም በኋላ ጥቂቶቹን አነጋገርናቸው። ይህ ጥናት ተብሎ ሊጠራ አይገባውም፤ ትዝብት ብንለው ይበቃል። የመዝሙሮቹን ቃል እዚህ አንገለብጥም፤ ሐሳባቸውን ብቻ እንናገራለን።

መጀመሪያ የሰማነው የቢራቢሮ መዝሙር ነው። ዜማውም ሐሳቡም ከውጭ አገር የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። ትሉ ቅጠል በልቶ ይጠግባል፤ ቤት ሠርቶ ይተኛል፤ ሲነቃም ክንፍ አብቅሎ፣ ቢራቢሮ ሆኖ ይበራል። ልጆቹ መብላቱን በእጃቸው እያሳዩ፣ ለመተኛቱም ራሳቸውን ጠረጴዛ ላይ ደፍተው ዐይናቸውን እየጨፈኑ ሲዘምሩ ማየት ደስ ያሰኛል። ተራውም እንቁላሉ ከመቅረቱ በስተቀር የተስተካከለ ነው። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ግን «ትሉ የት ሄደ?» ብለን ብንጠይቅ፣ አንዲቱ ልጅ «ቤቱ ተኝቷል» አለችን። ሌላው «ሞተ፤ ቢራቢሮዋ እናቱ ናት» ሲል መለሰ። ሦስተኛው ጥቂት አሰብ አደረገና «እኔም ብዙ ብተኛ ክንፍ ያወጣልኛል?» ብሎ እኛኑ ጠየቀን። ሦስቱም መዝሙሩን አንድ ቃል ሳይስቱ የዘመሩ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማድረግ ያሻል። ዜማ ተራን ይጠብቃል፤ ምክንያትን ግን አይጠብቅም። መጀመሪያ ይህ፣ ቀጥሎ ያ ለማለት ከመዝሙር የተሻለ መሣሪያ ላይገኝ ይችላል፤ ያኛው ራሱ ይህኛው ነው፣ ወይም ይህ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው ለማለት ግን አጭሩ ስንኝ ስፍራ የለውም። ስለዚህ ገጣሚው በምክንያቱ ፈንታ ልጁ የሚያውቀውን ነገር ያስገባል። «ተኛ» የሚለው ቃል የገባው እንዲህ ሆኖ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ሙሽሬ በሚሉት ደረጃ ላይ የትሉ አካል ብዙው ክፍል እየፈረሰ፣ ከጥቃቅን የሕዋስ ቡቃያዎች ክንፉና ረጃጅሙ እግር ይሠራል፤ ዕረፍት የሚባል ነገር የለበትም። (ሙሽሬ የሚለው ስም ራሱ እንዴት ያለ ግሩም ስም ነው! ተሸፋፍና ተቀምጣ ሌላ ሰው ሆና የምትወጣውን ሙሽራ ያየ ሕፃን ከ«ተኛ» ይልቅ በዚህ ቃል ብዙ ይረዳ ነበር። ሆኖም መዝሙሩ ውስጥ አልገባም።)

ዜማ ለማስታወስ ይረዳል የሚለውም ነገር ቢሆን ወሰን አለው። ዋንዳ ዋላስ የተባሉ ተመራማሪ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ግጥም በዜማ ሲሰማ ይበልጥ የሚታወሰው ያው ዜማ ከስንኝ ወደ ስንኝ እየተደጋገመ ሰሚው ሲለምደው ነው፤ አዲስ ዜማ አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰማ ግን የሚሰጠው ጥቅም አይታይም። የምናየው መዝሙር ሁሉ በየትምህርቱ አዲስ ዜማ ይዞ ስለሚመጣ፣ ልጁ ዜማውን ሲለምድ ትምህርቱ ያልፈዋል። አባቶቻችን አንዱን የፊደል ዜማ ለሁሉም ተራ ማዋላቸው ከድህነት የመጣ አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር እንስሳውንና ዕፁን እንደ ሰው ማናገር ነው። ባቄላዋ ውኃ ጠማኝ ትላለች፤ ፀሐይም ትስቃለች። ዣን ፒያዤ በ1926 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕፃናት የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ፣ ፀሐይንና ደመናን ጭምር፣ ሕይወት አለው እንደሚሉ አመልክቷል። የኛም ቋንቋ በዚህ ረገድ ነጻ አይደለም፤ ትንንሾቹን ፍጥረታት «ነፍሳት» ብለን ስንጠራ ስሙ ራሱ ነፍስ እንዳላቸው ይመሰክራል፤ ዛፍ ነፍስ አለው የሚል ግን ብዙ አይገኝም። እንግዲህ የምትስቅ ፀሐይና የምትናገር ባቄላ በአንድ መዝሙር ሲቀርቡ፣ ሕይወት ያለውና የሌለው መለየቱ ይቀርና ሁለቱም አንድ ሆነው ይቀመጣሉ።

ይሁን እንጂ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ሳናነሣ ብናልፍ ፍርዳችን ጐደሎ ይሆናል። ጃፓናውያኑ ሀታኖና ኢናጋኪ፣ ሕፃን ራሱን መነሻ አድርጎ ስለ እንስሳና ስለ ተክል ማሰቡ ስሕተት ብቻ ሳይሆን መንገድም መሆኑን ተከራክረዋል፤ እኔ ሳልበላ እንደምከሳ ተክሉም ውኃ ካላገኘ ይደርቃል ብሎ መገመት ትክክለኛ ግምት ነውና። ነገሩን የሚወስነው ግን ኢናጋኪ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ሥራ ይመስለናል። በቤታቸው ወርቃማ ዓሣ ያሳደጉ የአምስት ዓመት ልጆች፣ ያላሳደጉት የማይመልሱትን ስለ ሌላ እንስሳ፣ ስለ እንቍራሪት፣ ከዓሣቸው እያመሳሰሉ መመለስ ችለዋል። ያስተማራቸው ዓሣው ነው፤ ስለ ዓሣ የተዘመረ መዝሙር አይደለም።

ወደ ትሉ እንመለስና፣ ሁሉም ነገር በአራት ደረጃ የሚያልፍ ይመስል ቢራቢሮ ብቻ የሚመረጠው ለምንድን ነው? አማርኛ ለአንበጣ ግልገል የራሱ የሆነ ጥንታዊ ስም አለው፤ ኩብኩባ። አንበጣ ከእንቁላሉ ኩብኩባ ሆኖ ይወጣል፤ አምስት ጊዜ ያህል ቆዳውን እየቀየረ ካደገ በኋላ ክንፍ ያወጣል፤ ሙሽሬ የሚባል ደረጃ የለውም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2019 እና በ2020 ዓ.ም. መንጋው በምሥራቁና በሰሜኑ ክፍል ሰብሉን ሲበላ፣ በዚያ ያሉ ልጆች ቆርቆሮ እያንኳኩ ሲያባርሩት ነበር። ለእነዚያ ልጆች ስለ አንበጣ የሚዘመር መዝሙር ስለ ቢራቢሮ ከሚዘመረው ይልቅ የሚረባ መሆኑን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ስለ ቋንቋ ካነሣን፣ በሁለተኛው ጧት የሰማነውን መጥቀስ ግዴታችን ነው። መዝሙሩ ማን ማንን እንደሚበላ የሚናገር ነው፤ ሣሩ፣ ፌንጣው፣ ዶሮዋ፣ ሸለምጥማጡ። እንደሚታወቀው «ይበላል» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነገር በይ መሆንን፣ ጠብቆ ሲነገር ግን ተበይ መሆንን ያመለክታል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ ለንግግር ይተወዋል። የመዝሙሩ ዜማ ከውጭ የተወሰደ በመሆኑ ግን ማጥበቅ ያለበትን ያላላል፣ ማላላት ያለበትን ይጐትታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ስንኝ ሣሩ ተበይ መሆኑ ቀርቶ በይ ሆነ! ልጆቹ አልሳቁም፤ እኛም መጀመሪያ ላይ አልነቃንም። ከመካከላችን አንዱ ነው ወረቀቱን አይቶ ያስተዋለው። ትምህርቱ በሙሉ የቆመው በዚያ በአንድ ቃል መጥበቅ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ዜማው ሲያጠፋው ማንም አላየም። የራሳችን ቤት አመታት፣ ለምሳሌ ስድስት በስድስት የሚከፈለው የወል ቤት፣ ለንግግራችን እስትንፋስ የተበጀ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ጉዳት የሚያደርስ አይመስለንም።

ከሁሉ የከበደን ግን የሦስተኛው ጧት መዝሙር ነው። ስለ ወባ ትንኝ ነው። የምትወለደው ከቆሻሻ ነው ይላል፤ ጥራጊውን ብናስወግድ፣ ግቢውን ብንጠርግ ወባ ይጠፋል ይላል። ዜማው ያምራል፤ ልጆቹም በጣም ይወዱታል። ንጽሕና ለብዙ ነገር እንደሚበጅ የሚክድ የለም፤ ዝንብንና የዐይን ማዝን በተመለከተ እንዲህ ያለ መዝሙር በእውነት ይጠቅም ነበር። ነገር ግን ወባን በሚመለከት ሐሰት ነው። በአገራችን ወባን በብዛት የምታስተላልፈው አኖፌሊስ አራቢየንሲስ እንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ በሚያገኘው፣ ዝናም ባቈረው ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ነው፤ የከብት ኮቴ በረገጠው ጕድጓድ፣ ጭቃ በተቈፈረበት ስፍራ። ውኃው ኩል የመሰለ ሊሆን ይችላል። ከቆሻሻ ፍሳሽ የሚፈላው አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ዓይነት ቢምቢ ነው። ስለዚህ መዝሙሩን አምኖ የያዘ የቆላ ልጅ ጥራጊውን ጠርጎ፣ ደጁ ላይ ያቈረውን የጠራ ውኃ ትቶት ይገባል።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 የሚሆን ሰው መሞቱ ይገመታል። የአዲስ አበባ ልጅ ይህ የቆላ ነገር ነው ይል ይሆናል፤ ሆኖም ከእስያ የመጣችው አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በቀብሪ ደሃር ከታየች ወዲህ ነገሩ ተለውጧል፤ ይህችኛዋ በከተማ፣ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለችና። ክዳን መክደን የስድስት ዓመት ልጅ ሊያደርገው የሚችል ሥራ ነው። መዝሙሩ ግን ስለ ክዳን አንድም ነገር አይልም።

ደግሞም ደም የምትጠጣው ሴቲቱ ብቻ ናት፤ ለእንቁላሏ የሚሆን ምግብ ስለሚያስፈልጋት። ወንዱ የአበባ ወለላ ይጠጣል። ብዙ ቋንቋዎች ይህን ለመናገር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋሉ፤ አማርኛ ግን «ትነክሳለች» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። መዝሙሩ በዚህ ጸጋ መጠቀም ሲችል «ይነክሳሉ» ብሎ ሁሉንም ደባልቋቸዋል። ግጥም ከእውቀት ጋር አይስማማም እንዳይባል፣ ትንኝ ወባን እንደምታስተላልፍ ያረጋገጠው ሮናልድ ሮስ ራሱ በ1897 (እ.ኤ.አ.) ባገኘው ነገር ላይ ግጥም ጽፏል።

ሂስ ነቅፎ ብቻ መሄድ የለበትም ስለሚባል፣ የምናደንቀውን እንናገር። በዐውደ ዓመት ዋዜማ በገጠር ልጃገረዶች ወደ መስክ ወርደው እንግጫ ነቅለው፣ እየዘፈኑ ይጐነጕኑታል፤ በማግሥቱም አደይ አበባ ይዘው ይዞራሉ። እነዚያ ዘፈኖች ሳይንስ እናስተምራለን አላሉም። ይሁን እንጂ ልጅቱ ክረምቱ ሲያልፍ የትኛው ሣር በየትኛው ረግረግ እንደሚገኝ፣ የትኛው አበባ በመስከረም ብቻ እንደሚፈነዳ ሳትጠየቅ ታውቃለች፤ ዘፈኑ በአፏ ሳለ ተክሉ በእጇ ነውና። በመዋዕለ ሕፃናቱ ያጣነው ይህንኑ ነው። ሦስቱን ጧት በሙሉ አንድ ትል፣ አንድ ቅጠል፣ አንድ የበቀለ ባቄላ እንኳ ወደ ክፍሉ ሲገባ አላየንም። ለዚህም መምህርቷን መውቀስ አይገባም፤ በአንድ ክፍል ብዙ ልጅ ይዛ ብቻዋን ናት፤ መጽሐፉንም ያዘጋጀችው እርሷ አይደለችም።

በአራተኛው ቀን ካጠገባችን ካለ የግንባታ ጕድጓድ የትንኝ እጭ በጠርሙስ ቀድተን፣ አፉን በሻሽ አስረን ወሰድንላቸው። እጮቹ ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው ተንጠልጥለው ስለነበር የወባዋ ዓይነት እንዳልሆኑ ዐወቅን፤ የወባዋ እጭ በውኃው ገጽ ላይ ጋደም ትላለችና። ልጆቹ ግን በዚህ አላዘኑም። «ትል ነው!» «አይደለም፣ ዓሣ ነው!» እያሉ ተጣሉ። ከቀናት በኋላ በሻሹ ውስጥ ትንኞቹ ሲበሩ፣ ያ ክንፍ ያወጣልኛል ወይ ያለን ልጅ ጠርሙሱን ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆየና «እነዚያው ናቸው» አለ።

መምህርቷ መዝሙሩን ለማረም ተስማማች። «እናንተ ልጆች፣ ጠርሙስ ማምጣቱ ቀላል ነው፤ ግጥሙን ደግሞ አምጡ» አለችን። በወል ቤት ልንሠራው ጀምረናል። ትንኟን በሴት አንቀጽ አስገብተናል፤ የበርሜሉ ክዳንም ስፍራውን አግኝቷል። ያስቸገረን እጭ የሚለው ቃል ነው። ቤት የሚመታለት ጥሩ ቃል «ምንጭ» ነበር፤ መምህርቷም በዚሁ ይሁን ብላ ነበር። ነገር ግን የገጠር ልጅ ከሚጠጣው ምንጭ እንዲሸሽ ማድረግ፣ ያንኑ የነቀፍነውን ስሕተት መልሶ መሥራት ነው። «ቁጭ» የሚለውንም ሞከርን፤ እጭ ቁጭ አትልም። እስካሁን እየፈለግን ነው።