«ተወጋጅ» ስለ ተባለውና ስለማይወገደው፦ በጥልፍ ሙያ ቃላት ረቂቅ ላይ የቀረበ ትችት

ለስፌትና ለጥልፍ ሙያ ማሠልጠኛ ከተዘጋጁት የቃላት ረቂቆች መካከል ለትችት የደረሰን አንዱ፣ በጥልፍ መኪና ሲሠራ ከጨርቁ ሥር የሚነጠፈውን ስስ ንጣፍ «ማረጋጊያ» ይለዋል። ዓይነቶቹንም «ተቀዶ ተወጋጅ»፣ «ተቆርጦ ተወጋጅ» እና «ታጥቦ ተወጋጅ» ብሎ ይከፍላቸዋል። የአዘጋጆቹ ድካም የሚመሰገን ነው። ሆኖም ስያሜዎቹ የእንግሊዝኛውን ቅርጽ እንጂ የነገሩን ግብር ስላልተከተሉ፣ አንደኛው ሠራተኛውን ወደ ስሕተት ይመራዋል እንላለን።

በቅድሚያ ግብሩን እንመልከት። መርፌው ጨርቁን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲወጋ፣ የክሩ ውጥረት ጨርቁን ወደ መሐል ይስበዋል። ክብ ሆኖ የተነደፈው አበባ ሞላላ ሆኖ ይወጣል፤ በሙሌቱና በዙሪያ መስመሩ መካከልም ክፍተት ይታያል። ይህን ስበት የሚቋቋመው በመወጠሪያው ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚወጠረው ንጣፍ ነው።

እንደ ፖፕሊን ያለው የማይለጠጥ ጨርቅ ራሱን ስለሚችል፣ ንጣፉ ከሥራው በኋላ ቢቀደድለት አይጎዳም። ቲሸርትና ሹራብ ግን ሲለበሱም ሲታጠቡም መለጠጣቸውን ስለማይተዉ ድጋፉን ዘወትር ይሻሉ። ስለዚህ «ተቆርጦ ተወጋጅ» የተባለው በእርግጥ አይወገድም፤ ከጥልፉ ዙሪያ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ትርፉ ብቻ በመቀስ ይከረከማል፤ የቀረው ከልብሱ ጋር ይኖራል። ሠልጣኙ ስሙን አምኖ ንጣፉን ከሥሩ ቢያነሣው፣ ጥልፉ ሲታጠብ ተጨማዶ ቅርጹን ያጣል። የቃል አውጭው ስሕተት በደንበኛው ልብስ ላይ ይታያል ማለት ነው።

«ማረጋጊያ» በኤሌክትሪክና በኤኮኖሚ መስክ የተያዘ ከመሆኑም ሌላ የንጣፉን ስፍራ አያመለክትም። «ገበር» ደግሞ የልብስን ውስጥ ለሚሸፍነው ጨርቅ የጸና ስም ስለሆነ አይነካም። እኛ «የጥልፍ ደጀን» የሚለውን እንመርጣለን። ደጀን ከኋላ ሆኖ ግንባሩን የሚደግፍ ነውና፣ ቃሉ ስፍራንም ተግባርንም በአንድነት ይይዛል።

ዓይነቶቹም በአወጋገዳቸው ሳይሆን በፍጻሜያቸው ይሰየሙ፦ «የሚቀደድ ደጀን»፣ «የሚቀር ደጀን»፣ «የሚሟሟ ደጀን»። «ተቀዳጅ» ማለቱ ቢያጥርም፣ ድልንና ዘውድን የሚቀዳጀውን ሰው ስለሚያስታውስ ትተነዋል። «የሚቀር» ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ቢርቅም ለእውነቱ ይቀርባል። በካሬ ሜትር ከ50 እስከ 100 ግራም የሚደርሰው የክብደት ልዩነትም በቅጽል እንጂ በአዲስ ስም መገለጥ አይገባውም። ስስ ነጠላ ለሚጠልፍ ሰው ይህ ምርጫ ቀላል አይደለም፤ የሚቀረው ደጀን ከፊት በኩል ጎልቶ ሊታይበት ስለሚችል፣ ቀለሙና ክሩ እጥበት የሚችሉ ከሆነ የሚሟሟው ይሻለዋል።

የምርጫችን ጉድለት ግን አይሰወር። ከፖሊቪኒል አልኮል የሚሠራው በውኃ የሚሟሟ ስስ ንጣፍ፣ በፎጣና በከፋይ ላይ ክሩ በጠጉሩ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከላይ ይደረጋል። ከፊት የተነጠፈን «ደጀን» ብሎ መጥራት ቃሉን ማፍረስ ነው። ለዚህ «የጥልፍ ልባስ» ብንልም ምርጫው ገና አላረካንም። የተሻለ ያለው አንባቢ ይለግሰን፤ አስቀድሞ ግን መቀስ የያዘውን ሰው ይጠይቅልን።