ሥዕል አልባው ፊልም

ፊልም የብርሃንና የጥላ፣ የእንቅስቃሴና የዝምታ ቅንብር ነው። በመሆኑም ስለ ፊልም የሚደረግ ውይይት ሁሉ፣ ምንም ያህል ቢሠምር፣ ያልታየውን ሥዕል በቃል ለመተካት የሚታገል ነው። ትግሉ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ፖድካስት በተሰኘው፣ ከሬዲዮ ብዙ በወረሰው የድምፅ ዝግጅት ላይ ነው። ጠያቂና ተጠያቂ ተቀምጠው ሰዓት ሳይገድባቸው ይጨዋወታሉ፤ አድማጩም በአውቶቡስ ላይ ሆኖ ወይም ሥራውን እየሠራ ያዳምጣል። ከእነዚህ ዝግጅቶች መካከል በቴክኖሎጂና በሳይንስ ልቦለድ ፊልሞች ላይ የሚያተኩሩት በእንግድነት ደጋግመው የሚጠሩት ሳይንቲስቱን ወይም መሐንዲሱን ነው። ባለካሜራው፣ ተዋናዩ፣ የድምፅ ቀራጩ የሚታወሰው አልፎ አልፎ ነው። ታዲያ እንግዳው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ፊልሙ በምን ሚዛን ይመዘናል የሚለውን ይወስናል።

የመጀመሪያው ዓይነት እንግዳ ስሕተት ለቃሚው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአልፎንሶ ኩዋሮን «ግራቪቲ» ለሕዝብ በታየ ጊዜ፣ «ስታርቶክ» የተባለው ዝግጅት መሪ የሆነው የጠፈር ሊቅ ኒል ዲግራስ ታይሰን በአጫጭር መልእክቶች የፊልሙን ግድፈቶች ዘረዘረ። የተዋናይቱ ፀጉር ክብደት በሌለበት ሥፍራ መንሳፈፍ ሲገባው አልተንሳፈፈም፤ የሳተላይቶቹ ስብርባሪ ወደ ምዕራብ ይበርራል፣ ሳተላይቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምሥራቅ ነው የሚዞሩት፤ በጣም የተራራቁት የጠፈር ጣቢያዎችም እርስ በርስ የሚተያዩ ተደርገው ቀርበዋል። ትችቱ ትክክል ነው፤ ታይሰንም ፊልሙን እንደወደደው ቆየት ብሎ ተናግሯል። ነገር ግን ፀጉሩን ሲመለከት ያልቆጠረው ነገር አለ። ገጸ ባሕርይዋ ሕፃን ልጇን በድንገተኛ አደጋ ያጣች እናት ናት። ከጠፈር ልብሷ ወጥታ በጠባቡ ክፍል ውስጥ እንደ ፅንስ ስትኮማተር፣ ከበስተጀርባዋ የተንጠለጠለው ቱቦ የእትብት መልክ ይይዛል። የፊልሙ ጭብጥ ያለው እዚህ ላይ ነው። የቁሶች ምሕዋር ቢስተካከል ይህ ትዕይንት ምንም አይጨመርለትም።

ሁለተኛው እንግዳ ራሱ ከሠሪዎቹ አንዱ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ኪፕ ቶርን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለው፣ ለክሪስቶፈር ኖላን «ኢንተርስቴላር» (2014) የጥቁር ጉድጓዱን ቀመሮች አዘጋጅቶ ለእይታ ቅንብር ባለሙያዎች ሰጠ። ከዚያ ሥራ በ2015 የታተመ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ወጣ። ኪነት ለሳይንስ ያበረከተችው እንዲህ ያለ ድርሻ የሚዘወተር አይደለም፤ ታሪኩም መተረኩ የተገባ ነው። ሆኖም ከታሪኩ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ችላ ሲባል ይታያል። በቀመሩ መሠረት በጥቁር ጉድጓዱ ዙሪያ ከሚሽከረከረው የጋለ ጋዝ ወደ ተመልካቹ የሚመጣው ጎን እጅግ ደምቆ፣ የሚርቀው ጎን ደብዝዞ መታየት ነበረበት። ሠሪዎቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ አውቀውም ተዉት፤ የተመልካቹ ዓይን ግራ እንዳይጋባ ሲሉ ቀለበቱን በሁለቱም ወገን እኩል አበሩት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 የመጀመሪያው እውነተኛ የጥቁር ጉድጓድ ምስል ሲወጣ አንደኛው ወገን ከሌላው ይበልጥ ደምቆ ታየ። ጠያቂ የሆነ ሰው እንግዳውን ሊያፋጥጠው የሚገባው እዚህ ላይ ነበር። ስለምን እኩልነትን መረጣችሁ? የሰው ዓይን ምን ይፈልጋል? ይህ የፊዚክስ ጥያቄ አይደለም፤ ሠዓሊ ሁሉ ሸራው ፊት ሲቆም የሚገጥመው ነው።

ከሁሉ የላቀው እንግዳ ግን ፊልሙን የሐሳብ መሣሪያ ማድረግ የቻለው ነው። የለንደኑ ፕሮፌሰር መሬይ ሻናሃን የአሌክስ ጋርላንድን «ኤክስ ማኪና» በሙያው አማክሯል፤ በፊልሙ ውስጥ ለቅጽበት የሚታየው የኮምፒዩተር ትእዛዝ ሲሠራ የመጽሐፉን መለያ ቁጥር እንደሚያወጣ በጉዳዩ የተመሰጡ ደርሰውበታል። ሻናሃን ከፊልሙ አንድ ፈተና ቀድቶ በደራሲው ስም ጠርቶታል። ማሽን መሆኗን እያየህ፣ ሽቦዋ እየተገለጠልህ፣ ነፍስ አላት ብለህ ታምናለህ ወይ? የቀድሞው የቱሪንግ ፈተና ማሽኑን ከመጋረጃ ጀርባ ይደብቅ ነበር፤ ይህኛው መጋረጃውን ይገልጣል። ለቲያትር ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። መድረክ ላይ የሚያለቅሰው ተዋናይ መሆኑን እያወቀ አብሮት የሚያለቅስ ተመልካች በየምሽቱ ፈተናውን ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጉዳይ በዝምታ መታለፍ የለበትም። ሻናሃን እ.ኤ.አ. በ2025 ይህን ሐሳብ ካብራራባቸው መድረኮች አንዱ በሐና ፍራይ አስተናጋጅነት የሚቀርበው የጉግል ዲፕማይንድ ፖድካስት ነው። ድርጅቱ እንዲህ ያሉ ማሽኖችን ይሠራል፤ እንግዳውም የዚያው ባልደረባ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ማሽኗን የሠራው ሰው ደግሞ የመረጃ መፈለጊያ ኩባንያ ባለቤት ነው፤ አእምሮዋንም ያነጸው ሕዝቡ በየዕለቱ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ነው። ቤቱን በሚመለከት ፊልም ላይ በዚያው ቤት ሳሎን ውስጥ መወያየት ሐሰተኛ ነገር ለመናገሩ ማስረጃ አይሆንም፤ የሻናሃን አነጋገርም ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ቢሆንም የማሽኗ ነፍስ ሰፊ ጊዜ ሲሰጠው የማሽኗ ባለቤት ጉዳይ እንዳይረሳ አድማጩ ጆሮውን ማቅናት ይኖርበታል። ፊልሙ ሁለቱን አልነጣጠለም።

ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ ምድር በአማርኛ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታየው «ክራምብስ» እንዲህ ባለው መድረክ ቢቀርብ የትኛው መሐንዲስ ይጋበዝ ይሆን? በሰማይ ላይ የተንጠለጠለው መርከብ በምን ኃይል እንደቆመ ፊልሙ አይናገርም። ከጠፋው ዓለም የተረፈ የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ቅርስ ይታያል፤ ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ሰው በዳሎል ቢጫ ምድር ላይ ይጓዛል። ስሕተት ለቃሚው የሚለቅመው አያገኝም፤ ቀመር አዋቂውም ቀመር የለውም። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የሚያስተባብሩ መምህራን እንዲህ ያለ ውይይት ቢያሰናዱ፣ ከኬሚስትሪው መምህር ጎን የሥዕሉንና የቲያትሩን ሰው ቢያስቀምጡ፣ ጥያቄው ከጥንቱ ይለወጣል። ደግሞም ፖድካስት በድምፅ የሚኖር ሆኖ ሳለ የፊልሙን ድምፅ ለአድማጭ ማሰማት ይዘነጋል። «ግራቪቲ» ውስጥ ስብርባሪው ጣቢያውን ሲያወድም የፍንዳታ ድምፅ አይሰማም፤ ከሙዚቃው ሌላ የሚሰማው በጠፈር ልብሱ ውስጥ የታፈነው የሴትዮዋ ትንፋሽና በራድዮ የሚመጣው ቃል ነው። ያን ትንፋሽ ለአንድ ደቂቃ አሰምቶ፣ እንግዳውንም ዝም አሰኝቶ፣ ከዚያ በኋላ መጠየቅ ይቻል ነበር።