ጥያቄውም ይጠየቅ

የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና መልስ ሥነ ጽሑፍ ነው ወይ? ነው እንበል። በመጽሐፍ ይታተማል፣ በሬዲዮ ይነበባል፣ በየክበቡ ዝግጅት ከግጥም ቀጥሎ ቦታ ይሰጠዋል። ቅርጽም ይዘትም አለው። እንግዲያው ግጥሙንና አጭር ልብ ወለዱን እየጠመድን የምንተች ሰዎች ይህንን በጭብጨባ ብቻ የምናልፍበት ምክንያት የለም።

ቅርጹን ሁላችንም እናውቀዋለን። ታሪክ፣ ሥነ ጥበብ፣ ምግብ፣ ጉዞ፣ ፊልም፣ የፊደል አጻጻፍ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ አንድ ነጥብ። ያዝናናል፣ ዝምተኛውን ተማሪ ያስወራል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ከእሱ በፊት እንቆቅልሽ ነበረን። በእንቆቅልሽ መልሱን ያጣ ሰው አገር ይሰጣል። ጨዋታ ቢሆንም ቁም ነገር አለበት፦ ያላወቀ አገሩን ያስረክባል። በእኛ ጥያቄና መልስ አገር የሚሰጠው ግን ጠያቂው ራሱ ነው። አሶሳ ላይ ቆሞ ስለ አሶሳ ሳይጠይቅ ይወርዳላ!

እስቲ ዘርፍ በዘርፍ እንየው። «የዐድዋ ጦርነት መቼ ተካሄደ?» የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ትክክል፤ ነጥብ ተያዘ። ዐድዋ የተዋጉት ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው ወደዚህ ወደ ቤኒሻንጉል መዝመታቸውስ? ለምን መጡ? እነ ሼህ ሖጀሌስ እንዴት ተቀበሏቸው? የወርቁስ ነገር? «መቼ» በአንድ ትንፋሽ ይመለሳል፤ «ለምን» ግን ነጥብ ያዡን ያስቸግራል፤ ስለዚህ አይጠየቅም።

ምግብ ላይ «ሱሺ የየት አገር ነው?» ሲባል እጅ ይንጋጋል። የቀርቀሃ ለጋ ቡቃያ በክረምት እንደሚበላ እዚህ የሚያውቅ ሞልቷል፤ ይህ ግን ኑሮ እንጂ ዕውቀት አይባልም። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ የሰፈሩት ሰዎች ምጣድና የበርታ ገንፎ ድስት እርስ በርስ ምን ተማማሩ? ይህ ጥያቄ ቢጠየቅ መልሱን ለማግኘት ገበያ መውጣት ያስፈልጋል።

ጉዞም ያው ነው። የህዳሴው ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. እንደተጣለ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደተመረቀ ልጁ ሁሉ ሸምድዷል። ከግድቡ በፊት በጉባ ማን ይኖር እንደነበር ግን ማን ጠየቀ? ፊልም ደግሞ ከሁሉ ያስቃል። «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ነው፤ ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነው። እኛ ግን «በስንት ዓ.ም. ወጣ?» ብለን፣ «በ1957» ተብለን፣ ሂሩትን ከነጥያቄዋ ትተናት እንሄዳለን።

ፊደል ላይ ቆም እንበል። ሥዕል የሚሥለውን በ«ሠ» መጻፍ ምክንያት አለው፤ የግእዙ ሥር ይዳኛል። «አሶሳ» እና «አሦሣ» ቢከራከሩስ ማን ይዳኛል? የግእዝ ሥር የለ! «ቤኒሻንጉል» የሚለውማ የባሰ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች የቀድሞው አጠራር «ቤላ ሻንጉል» እንደነበር ይጽፋሉ፤ «ቤላ» በበርታ ቋንቋ ድንጋይ ነው። «ቤኒ» የዐረብኛ ቃና ነው፣ «ልጆች» እንደማለት። በአንድ ስም አጻጻፍ ውስጥ ድንጋዩም፣ ነጋዴውም፣ የአማርኛ ጸሐፊውም አሉበት። ታዲያ አንዱን «ስሕተት» ብሎ ነጥብ መቀነስ ምን የሚሉት ዕውቀት ነው?

«መፍትሔው ቀላል ነው፣ የአካባቢ ጥያቄ እንጨምር» የሚሉ አሉ። አይበቃም። «የክልሉ ዋና ከተማ ማን ነው?» ብሎ መጨመር ያንኑ በሽታ ወደ ቤት ማስገባት ነው። ችግሩ ይዘቱ ብቻ ሳይሆን ቅርጹ ነው። እንዲያውም «ዋዛ ምንድን ነው?» ብለን እንሞክረው። አማርኛው «ቀልድ» ይላል። የበርታ ልጅ «ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንድ ጥያቄ አንድ መልስ የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ይሰበራል።

ዋዛው ራሱ ደግሞ ሌላ ያስተምራል። እያንዳንዱ ነፊ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። በእኛ መድረክ ግን ቀድሞ እጁን ያወጣ ብቻውን አሸንፎ ይቀመጣል፤ የቀረነው አጨብጫቢ ነን።

ስለዚህ ለክበባችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከስድስቱ ዘርፍ አንዱም አይቀነስ። ከእያንዳንዱ «መቼ» እና «ማን» ኋላ አንድ «ለምን» ይከተል፤ መልሱንም ቡድን ተመካክሮ ይስጥ። መልሱን ያጣውም አገር መስጠቱ ቀርቶ የሚቀጥለውን ጥያቄ እሱ ይጠይቅ።