ያልተረባ ግስ፦ በ«ፓርላሬ»ና በ«መናገር» መካከል

አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። አባባሉ ለዳኛና ለባለጉዳይ ብቻ የተነገረ ሊመስለን ይችላል። በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ ለሚኖር ሰው ግን ከማንም ይልቅ ይሠራል። እንደ ካርቲየ 4 ባለ ሰፈር ሶማሊኛው፣ አፋርኛው፣ ዓረብኛውና አማርኛው በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፤ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገባ ደግሞ ፈረንሳይኛው ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ መካከል ሰው የሚመዘነው ባጠራቀመው የቃላት ብዛት ብቻ አይደለም፤ ግሱን ማርባት በመቻሉም ጭምር ነው።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ የጣልያንኛ ግስ ነው፦ «ፓርላሬ»፣ ማለትም መናገር። በፈረንሳይኛ አገር ተቀምጦ ስለ ጣልያንኛ ግስ መጻፍ ምን ይሉታል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ምክንያቱ እዚሁ ጆሯችን ውስጥ አለ። በጅቡቲ ፈረንሳይኛን በትምህርት ቤት ሳይሆን በጆሮው የለመደ ሰው «ፓርሌ» የሚል አንድ ድምፅ ይሰማል። ይህ አንድ ድምፅ ሦስት ነገር ነው፤ «መናገር» ማለትም ነው፣ «የተነገረ» ማለትም ነው፣ «ተናገሩ» ማለትም ነው። ልዩነቱ የሚታየው በጽሕፈት ብቻ ነው። የሁለቱ ቋንቋዎች ግስ ከአንድ የላቲን ምንጭ የወጣ ሲሆን፣ ጣልያንኛው ግን ሦስቱን በድምፅ ይለያቸዋል፦ ፓርላሬ፣ ፓርላቶ፣ ፓርላቴ። ስለዚህ ግስ ማለት ምን እንደሆነ በጆሮው ለማየት ለሚሻ ሰው ጣልያንኛው ጥሩ መስተዋት ነው።

አሁን ሂሳችን ወደሚያርፍበት እንምጣ። ቋንቋን «ያለ አስተማሪ» እናስተምራለን የሚሉ ትናንሽ መጻሕፍት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። አብዛኞቹ ከሁለት ወገን አያልፉም። አንደኛው ወገን ቃሉን በግራ፣ ትርጉሙን በቀኝ ደርድሮ ያበቃል፤ ግሱን በአርእስቱ ብቻ ይሰጣል፦ መብላት፣ መሄድ፣ መሥራት፣ መናገር። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የርባታውን ሰንጠረዥ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋና ተማሪው እንደ ዳዊት እንዲደግመው ይተወዋል። ፊተኛው ግሱን ሳይዘራ ያስቀምጠዋል፤ ኋለኛው ዘርቶት አያጭደውም። ሁለቱም የሚዘነጉት አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህን ቅርጽ ማን ለማን፣ ምን ብሎ ይናገርበታል?

ሰንጠረዡን እንመልከተው። የጣልያንኛ ግሶች በአርእስታቸው መድረሻ በሦስት ይከፈላሉ፤ በ«-አሬ»፣ በ«-ኤሬ» እና በ«-ኢሬ» የሚያልቁ። «ፓርላሬ» ከፊተኞቹ ወገን ሲሆን ከሕግ የማይወጣ ግስ ነው። ሰባት አንቀጾች አሉት። አራቱ ባለቤትን ያመለክታሉ፤ እነርሱም ዐቢዩ የዐረፍተ ነገር አንቀጽ (ኢንዲካቲቮ)፣ የምኞትና የጥርጣሬው (ኮንጁንቲቮ)፣ የ«ቢሆን ኖሮ»ው (ኮንዲሲዮናሌ) እና ትእዛዙ (ኢምፔራቲቮ) ናቸው። ሦስቱ ግን ባለቤት የላቸውም፤ አርእስቱ «ፓርላሬ»፣ «ፓርላንዶ» እና «ፓርላቶ»። ዐቢዩ አንቀጽ ብቻውን ስምንት ጊዜያት አሉት፤ ኮንጁንቲቮ አራት፣ ኮንዲሲዮናሌ ሁለት።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር ነውን? አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ «ቀተለ» እና «ቀደሰ» ብሎ አርእስተ ግስ ሲያወጣ፣ ኃላፊውን፣ ትንቢቱን፣ ዘንዱንና ትእዛዙን በቃሉ ሲያረባ ኖሯል። ሮማውያን በሰንጠረዥ የጻፉትን የእኛ ሊቃውንት በዜማና በቃል ይዘውታል። «ኮንጁንቲቮ» የሚለው ስም የሚያስፈራው ተማሪ «ዘንድ አንቀጽ» ቢባል ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ «ኬ ፓርሊ» ማለት «ይናገር ዘንድ» ነውና።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ሰንጠረዦች ልክ በልክ አይገጥሙም፤ ትምህርቱም የሚጀምረው ከማይገጥሙበት ቦታ ነው። «ፓርሎ» እና «ፓርለሮ» ጣልያንኛው ዛሬንና ነገን የሚለይባቸው ናቸው፤ አማርኛችን ለሁለቱም «እናገራለሁ» ብሎ ጊዜውን ለዐውዱ ይተወዋል። «ፓርላቫ» ማለት ድሮ ያዘወትረው የነበረ ድርጊት ነው፤ «ፓርለሬቤ» ማለት ሁኔታው ቢፈቅድለት የሚያደርገው ነው። እኛ ሁለቱንም «ይናገር ነበር» እንላለን፤ የሚለያቸው ከፊታቸው የሚቆመው «ቢችል» ነው። በአንጻሩ ደግሞ አማርኛው የሚበልጥበት አለ። «ተናገርክ» እና «ተናገርሽ» ወንዱንና ሴቷን ሲለይ፣ ጣልያንኛው ለሁለቱም አንድ ግስ ይሰጣል። የእኛ ቦዝ አንቀጽ «ተናግሬ፣ ተናግረህ፣ ተናግራ» እያለ ባለቤቱን ይዞ ሲሄድ፣ «ፓርላንዶ» ባለቤቱን ከሌላ ቃል ይለምናል። ይህን ሳይነግሩ ሰንጠረዥን ብቻ መስጠት ለመንገደኛ ካርታ ሰጥቶ ዳገቱን መደበቅ ነው።

እዚህ ላይ ታሪክን ማንሣት ግድ ይላል፤ የጣልያንኛ ግስ ወደ እኛ የመጣው በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ አይደለምና። በኤርትራ ቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በወረራው ጊዜ በኢትዮጵያ፣ በጌታና በአገልጋይ፣ በአለቃና በሠራተኛ መካከል የተቀነሰ ጣልያንኛ ይነገር ነበር። የቋንቋ ሊቃውንት ያጠኑት ይህ አነጋገር ከሰባቱ አንቀጾች በዋናነት ሁለቱን አስቀረ፤ አርእስቱን ለዛሬ፣ ለነገና ለትእዛዝ፣ «ፓርላቶ» ያለውን ቅርጽ ላለፈው። ሁለቱም ባለቤት ከሌላቸው ወገን መሆናቸውን ልብ ይሏል። «ብችል ኖሮ»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «እባክዎ ቢፈቅዱልኝ» የሚባሉባቸው አንቀጾች ከበር ውጭ ቀሩ። በኤርትራ ለሀገሬው ልጆች የተፈቀደው ትምህርት ከ4ኛ ክፍል እንዳያልፍ መደረጉን ስናስብ፣ ነገሩ የሰሚው ስንፍና እንዳልነበረ እንረዳለን። ለአገልግሎት የሚፈለግ ሰው ትእዛዝ እንዲሰማ እንጂ ምኞቱን እንዲናገር አይጠበቅበትም ነበር።

ግስን መግዛት ለገዢዎቹም ትንሽ ነገር አልነበረም። በ1938 የፋሺስት መንግሥት ጣልያናውያን በአክብሮት ሲነጋገሩ «ሌይ» ማለትን ትተው «ቮይ» እንዲሉ አዘዘ። «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለውን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የዚህ ክብደት አይጠፋውም። በሰው አፍ ውስጥ ገብቶ የአክብሮቱን ግስ የሚለውጥ መንግሥት የግሱን ኃይል አሳምሮ ያውቃል።

በሌላ በኩል ሕዝባችን በራሱ ፈቃድ ከጣልያንኛ የወሰደውን እናስተውል። ከጋላፊ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርደው ሾፌር ጎማ፣ ካንዴላ፣ ባልስትራ፣ ቺንጊያ ይላል። ስሞቹ የጣልያን ናቸው። ግሱ ግን የራሱ ነው፤ ጎማ ነፋ፣ ካንዴላ ፈታ፣ ባልስትራ ቀየረ። «ማኪያቶ» እንኳ «ማኪያሬ»፣ ማለትም ማጉደፍ፣ ከሚለው መደበኛ ግስ የወጣ ቅርጽ ሲሆን፣ እኛ እንደ ስም ተቀብለነው «ማኪያቶ ጠጣሁ» ብለን በአማርኛ ግስ አሰርነው። ይህ ድህነት አይደለም። ዕቃውን ተቀብሎ ድርጊቱን ለራስ ማስቀረት ነው። በተቀነሰው ጣልያንኛ ግን ሰውየው ግሱንም ባለቤቱንም አጥቶ ነበር። ሁለቱን አንድ አድርጎ «የጣልያን ተጽዕኖ» ብሎ ማለፍ ለሂስ አይመችም።

ስለ ሁለቱ ቋንቋዎች ግስ ሲነሣ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን አለማንሣት አይቻልም። በ1868 በዘጌ ተወልደው፣ በኔፕልስ አማርኛ አስተምረው፣ በ1908 በሮም ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የአማርኛን ልብ ወለድ የጀመሩት እኚህ ሰው በ1905 የአማርኛን ሰዋስው፣ በ1911 ደግሞ «ኢል ቬርቦ አማሪኮ» የተባለውን ስለ አማርኛ ግስ ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ በጣልያንኛ አሳትመዋል። አማርኛን ከባዕድ ሊቅ እጅ ሳይሆን ከተወላጁ አፍ ማስተማራቸው ታላቅ ሥራ ነው፤ ይህን ማሳነስ ንፉግነት ይሆናል። ቢሆንም ሃያሲ ሊጠይቅ የሚገባው አለ። የእነዚህ መጻሕፍት አንባቢ ማን ነበር? አማርኛ ሊማር የሚሻ ጣልያናዊ ነበር። ትምህርቱ ከእኛ ወደ እነርሱ ፈሰሰ። ይባስ ብሎ ሁለቱንም ቋንቋ ከነአንቀጾቹ ጠንቅቀው ያውቁ የነበሩት ነጋድራስ በወረራው ዘመን ለወራሪው አደሩ፣ «አፈ ቄሳር» ተባሉ፤ ከነጻነት በኋላም በግዞት ጅማ ኖረው በ1947 አረፉ።

የእርሳቸው ዕጣ የዚህን ጽሑፍ ክርክር የሚያፈርስ ይመስላል። ርባታን ማወቅ ሰውን ነጻ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ከአፈወርቅ የበለጠ ነጻ ሰው ባልተገኘ ነበር። በእኔ አስተያየት ግን ክርክሩን ያጠራዋል እንጂ አያፈርሰውም። ሰንጠረዡ «እኔ» በሚል ባለቤት ይጀምራል፤ ያ «እኔ» ማን እንደሆነ ግን ሰንጠረዡ አይወስንም። አንቀጹን ሁሉ አውቆ «እኔ»ን ለሌላ ያስረከበ ሰው አለ፤ «እኔ» እያለ አንቀጽ ያጣ ሰውም አለ። የሁለተኛው ችግር በትምህርት ሊቃና ይችላል፤ የፊተኛው አይቃናም።

ስለዚህ ሂሳችን ወደ ሰፈራችን ይመለሳል። በካርቲየ 4 ከሥራ መልስ ደብተር ገልጦ ፈረንሳይኛም ሆነ ጣልያንኛ ለሚማር ወጣት፣ ወይም በሰው ቤት ተቀጥራ ቋንቋውን በጆሮዋ ለምትለቅም እኅት፣ የመጀመሪያው ትምህርት መሆን ያለበት የትእዛዝ ዝርዝር አይደለም። ትእዛዙንማ ሌሎች ያስተምሯታል፤ በየዕለቱ ትሰማዋለች። መጽሐፉ ሊሰጣት የሚገባው ከማንም የማትሰማውን ነው። «ኖን ፓርለሮ»፣ አልናገርም። «ቮሬይ ፓርላሬ»፣ መናገር ፈልጌ ነበር። «ሴ ፖቴሲ፣ ፓርለሬይ»፣ ብችል እናገር ነበር። እምቢታ፣ ትሕትና እና ምኞት፤ እነዚህ ሦስቱ ከሰንጠረዡ መጨረሻ ተነሥተው ወደ ፊተኛው ገጽ ቢመጡ መጽሐፉ ዋጋውን ባወጣ ነበር።

«ፓርላሬ» ከጥንቱ ሲመረመር «ፓራቦላ» ከሚለው ቃል የወረደ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ምሳሌ ማለት ነው። ሮማዊው መናገርን የሰየመው በምሳሌ ነበር ማለት ይቻላል። በምሳሌ ለሚናገር ሕዝብ ይህ ግስ ሩቅ አይደለም። የሚቀረው እስከ መጨረሻው አንቀጽ ማርባት ነው።