መብራቱን የመለሱት እነማን ናቸው? «ሳንድዎርም»ን አንብቤ

እስቲ ይህን አስቡት። ሥራ ቦታ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላችኋል፤ የማውዙ ቀስት ማንም ሳይነካው በራሱ ይሄዳል። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ያጠፋል፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015 በምዕራብ ዩክሬን የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ወደ 225 ሺህ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው።

ጋዜጠኛው አንዲ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው «ሳንድዎርም» የአጥቂዎቹን ዱካ እስከ ሩሲያ ወታደራዊ ስለላ ድረስ ይከተላል። መጽሐፉ ልብ አንጠልጣይ ነው፣ አንብቡት። ይህ ሁሉ ጣጣ ከኢሜይል ጋር በተላከ ተራ ፋይል እንደጀመረ ስታዩ ትገረማላችሁ።

ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። መጽሐፉ ርዕሱን እንኳ የሰጠው ለአጥቂዎቹ ነው። ጉዳትን ተቋቁሞ ስለመነሳት የሚያወራው መጨረሻ ገደማ፣ ያውም በአጭሩ ነው። እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ቀልቤን የሳበው ሌላ ነገር ነው፦ መብራቱ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተመለሰ። እንዴት? ሠራተኞቹ መኪና ይዘው ወደ ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ ሄዱና ብሬከሮቹን በእጃቸው መለሷቸው። ኮምፒውተሩ ቢከዳቸውም የእጅ ሥራውን አልረሱትም ነበር።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 «ኖትፔትያ» የተባለው ቫይረስ ከአንድ የዩክሬን የታክስ ሶፍትዌር ተነስቶ የመርከብ ድርጅቱን ማርስክን ዘረረው። ድርጅቱ ኔትወርኩን መልሶ ለማቆም የግድ የሚያስፈልገው መረጃ ሳይነካ የተገኘው ጋና ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ነው። ለምን ተረፈ? ጥቃቱ ሲደርስ እዚያ መብራት ጠፍቶ ነበራ! ያ ዕድል ነው። ከኔትወርክ የተነጠለ ቅጂ አስቀድሞ ማስቀመጥ ግን ዕድል አይፈልግም፤ ዕቅድ ነው።

እኛስ? በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንሳ መነሻቸው ግብፅ የሆነ የሳይበር ጥቃቶችን ማክሸፉን አስታውቆ ነበር፤ የህዳሴ ግድብ ውዝግብ የጋለበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍያችንም መታወቂያችንም ወደ ዲጂታል እየገባ ነው። ስለዚህ «ስንት ጥቃት ከሸፈ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። አንዱ ሳይከሽፍ የቀረ ዕለት በስንት ሰዓት ውስጥ እንነሳለን? በእጁ መሥራት የሚችልስ ማን አለ? ይህንንም ጠይቁ።