ከገና እስከ ጥምቀት፦ የፑሽኪን ጽሞናና የእኛ ሰበብ

ባለፈው ዓመት የገና ሰሞን በሬን ዘግቼ ልጽፍ ቆርጬ ተነሣሁ። ከገና እስከ ጥምቀት ያሉት ዐሥራ ሁለት ቀናት እንደ እኔ ደመወዝ ለሌለው፣ በየጽሑፉ ለሚከፈለው ሰው የማይገኙ ቀናት ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይቀዘቅዛል፤ አዘጋጆችም በበዓል ላይ ናቸውና "የት ደረሰ?" ብሎ የሚደውል የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ "ጊዜ ባገኝ፣ ጸጥታ ባገኝ" እያልኩ ያቆየሁት አንድ ረጅም ጽሑፍ ነበረኝና ወረቀቴን ደርድሬ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በመማረር አሳለፍኩ። ከጎረቤት ሙዚቃ ያንባርቃል፤ ከመንገዱ ማዶ የሱቅ ድምፅ ማጉያ ያለማቋረጥ ቅናሽ ያውጃል፤ ሰው "እንኳን አደረሰህ" ሊል ይገባል፤ ገብቶም ቶሎ አይወጣም። በሦስተኛው ቀን ግን ጫጫታው ቆመ። ጎረቤቶቼ ዘመድ ጥየቃ ሄዱ፤ ሱቁም ማጉያውን አነሣ፤ ግቢው ጭር አለ። የተመኘሁትን አገኘሁ ማለት ነው። እውነቱን ልናገርና፣ አንድ መስመር አልጻፍኩም። በዚያ ጭርታ ውስጥ የመጣብኝ ሌላ ነገር ነበር። ምን እንደነበረ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን በዚያው ሰሞን ከመደርደሪያ አውርጄ፣ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ እንደገና ስላነበብኩት መጽሐፍ ላውራ፤ ስለ ፑሽኪን "ዬቭጌኒ ኦኔጊን"።

ፑሽኪን በተነሣ ቁጥር እኛ ዘንድ ክርክሩ ደሙ ላይ ተጀምሮ ደሙ ላይ ያልቃል። ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል ከአቢሲኒያ የተወሰደ ነው የሚል የቆየ ትረካ አለ። የቤኒኑ ተመራማሪ ዲየዶኔ ኛማንኩ ደግሞ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጋኒባል የትውልድ ቦታ በዛሬዋ ካሜሩን ያለችው ሎጎን ናት ሲል ተከራክሯል። ሳር ቤት ያለውን አደባባይ በገጣሚው ስም ጠርተን፣ ክርክሩንም አጥብቀን ይዘን፣ ሥራውን ግን ሳናነብ የኖርን ብዙ ነን፤ እኔም ለዓመታት ከእነዚሁ አንዱ ነበርኩ። የጋኒባል ስም ለዛሬው ጨዋታችን የሚጠቅመን በሌላ በኩል ነው። ፑሽኪን ስሙ የገነነበትን የበረዶ ክረምት ያሳለፈበት፣ በፕስኮቭ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ሚካይሎቭስኮዬ የተባለው ርስት፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1740ዎቹ ለጋኒባል ከሰጠቻቸው መሬቶች አንዱ ነበር።

ስለዚያ ክረምት በብዙ አንባቢ አእምሮ የተሣለው ሥዕል የታወቀ ነው፤ በረዶ የከበበው የእንጨት ቤት፣ የሚነድ ምድጃ፣ ሻማ፣ ብቻውን የተቀመጠ ገጣሚ። ከዚህ ሥዕል አንድ ምክር ይወጣል፤ "ከከተማ ውጣ፣ ከሰው ራቅ፣ ያኔ ትጽፋለህ" የሚል። እኔም በሬን የዘጋሁት ይህንኑ ምክር አምኜ ነው።

ነገር ግን ሚካይሎቭስኮዬ ለፑሽኪን የዕረፍት ቦታ አልነበረም፤ ግዞት ነበር። በነሐሴ ወር 1824 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቀዳማዊ አሌክሳንደር ትእዛዝ ተጋዘ። የአካባቢው ሹማምንት እንዲጠብቁት፣ የጎረቤቱ ገዳም አበምኔትም መንፈሳዊ አካሄዱን እንዲከታተሉ ተደረገ። የገዛ አባቱ ሳይቀሩ ልጃቸውን ሊቆጣጠሩ እሺ ብለው ነበርና ከባድ ጠብ ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ቤተሰቡ ጥሎት ሄደ። ወደ ውጭ አገር ሄዶ እንዲታከም የደም ሥር ሕመም አለብኝ ብሎ ቢለምን አልተፈቀደለትም። እንግዲህ ያ ጸጥታ እኛ የምንቀናበት ዓይነት አይደለም። ሰውየው ከዚያ ለመውጣት የማይፈነቅለው ድንጋይ አልነበረም።

ብቻውንም አልነበረም። የትምህርት ቤት ጓደኛው ኢቫን ፑሽቺን በጃንዋሪ 1825 በበረዶ ላይ ሠረገላ ሊጠይቀው ሲመጣ፣ ፑሽኪን ባዶ እግሩን በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ደጃፍ ላይ እንደተቀበለው ጽፏል። የሞግዚቱ የአሪና ሮዲዮኖቭና ክፍልም ልብስ በሚሰፉ ልጃገረዶች የተሞላ ነበር። ማታ ማታ ሞግዚቲቱ ተረት ታወራዋለች፤ እሱም በማስታወሻው ይይዛል። እኔ ጎረቤቴ ሲገባ ሥራ ተስተጓጎለ ብዬ ፊቴን አጠቁር ነበር፤ ያ ገጣሚ ግን ቤት ውስጥ የሚወራውን ወሬ ራሱን ሥራ አድርጎታል። በወጣትነቱ ያልተማረውን ከእርሷ ተረት እየተማረ መሆኑንም ለወንድሙ ጽፎለታል።

አሁን ወደ ገና ሰሞን እንምጣ። የሩሲያ ኦርቶዶክሶች ገናን የሚያከብሩት ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ነው፤ በድሮው አቆጣጠራቸው ዲሴምበር 25 የሚባለው በእኛ ታኅሣሥ 29 ላይ ይውላል። ከገና እስከ ጥምቀት ያለውን ጊዜ "ስቪያትኪ" ይሉታል። ልዩነቱ የአየሩ ነው። ለእኛ በጋ ነው፣ ፀሐዩ ይወጣል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ለእነሱ የክረምቱ እምብርት ነው።

በ1825 ዲሴምበር 13 እና 14፣ በእኛ ታኅሣሥ 17 እና 18 መሆኑ ነው፣ ፑሽኪን "ግራፍ ኑሊን" የተባለውን ቀልደኛ ትረካ በሁለት ጠዋት ጽፎ ጨረሰ። ሼክስፒር ስለ ሉክሪስ የጻፈውን አንብቦ "ያቺ ሴት ደፋሪዋን በጥፊ ብትለው ኖሮስ ታሪክ ምን ይሆን ነበር?" ከሚል ሐሳብ የተነሣ ሥራ ነው። በዚያው በ14ኛው ቀን ፒተርስቡርግ ውስጥ ጓደኞቹ የነበሩ መኮንኖችና መኳንንት በዛሩ ላይ ተነሡ፤ በመድፍ ተበተኑ። ፑሽኪን በዚያ ሰሞን ተደብቆ ወደ ከተማው ሊሄድ ተነሥቶ ጥንቸል መንገዱን ስላቋረጠችበት መጥፎ ምልክት ነው ብሎ ተመለሰ የሚል ወግ አለ። ወጉ እውነት ይሁን አይሁን፣ ገጣሚው ራሱ በኋላ የቀኖቹን መገጣጠም አስገራሚ ብሎታል። ታሪክ ደጅ ሲንኳኳ እሱ በታሪክ እየቀለደ ነበርና።

ከቀናት በኋላ ወሬው ደረሰ። ፑሽቺን ታሰረ፤ ኋላም ሳይቤሪያ ተላከ። ፑሽኪን የሕይወት ታሪክ ማስታወሻውን ሰው እንዳይጠቁምበት ብሎ አቃጠለ። ቤቱ ያው ነው፤ በረዶውም፣ ሞግዚቲቱም። ጸጥታው ግን ከእንግዲህ ባዶ አይደለም። በዚህ ጸጥታ ውስጥ ነው ጃንዋሪ 4 ቀን 1826፣ ማለትም ጥር 9፣ ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የ"ኦኔጊን"ን አምስተኛ ምዕራፍ የጀመረው።

ምዕራፉ በእርጋታ ይከፈታል። በልጁ ዓመት በረዶው ዘግይቷል፤ የወረደው ገና በጃንዋሪ 3 ሌሊት ነው። ታትያና በጠዋት ተነሥታ በመስኮት ስታይ ግቢው ነጭ ሆኗል። ሕፃን ልጅ ውሻውን በመንሸራተቻ ላይ አስቀምጦ ይጎትታል፤ እናቱ በመስኮት ትቆጣዋለች። ቀጥሎ የስቪያትኪ ጥንቆላ ይመጣል። ልጃገረዶች የሚያገቡትን ሰው ለማወቅ ሰም ያቀልጣሉ፤ መስታወት ወደ ጨረቃ ይይዛሉ፤ አላፊ አግዳሚውን ስሙን ይጠይቃሉ። በጥምቀት ሎሚ የሚወረወርበት አገር ሰው ይህንን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ታትያና መስታወቷን ትራስ ሥር አድርጋ ትተኛለች፤ ሕልም ታያለች። በበረዶ ሜዳ ትሄዳለች፤ ድብ ያሳድዳታል፤ ተሸክሞም ወደ አንዲት ጎጆ ያደርሳታል። ከውስጥ እንደ ትልቅ ተዝካር የሚመስል ጫጫታ ይሰማል። በበሩ ቀዳዳ ስታይ ቀንዳምና ልዩ ልዩ ፍጥረት ገበታ ከቧል፤ የገበታው ጌታ ደግሞ የምትወደው ኦኔጊን ነው። በመጨረሻም ኦኔጊን ቢላዋ ያነሣል፤ ወዳጁ ሌንስኪ ይወድቃል። ከሕልሙ በኋላ የታትያና የስም ቀን በዓል ይመጣል። እንግዳ፣ ምግብ፣ ጭፈራ፣ ሁካታ፤ የሕልሙ ገበታ ሥጋ ለብሶ የተቀመጠ ይመስላል። በዚያው ግብዣ ላይ በተነሣ ከንቱ ቅናት ሁለቱ ወዳጆች ይጣላሉ፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ ሌንስኪ ይገደላል።

የምዕራፉ ጥንካሬ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፑሽኪን በረዶውንና ጸጥታውን ያመጣው እኛን ሊያሳርፍ አይደለም። ጸጥታው ታትያናን ያሳረፋት መስሎ የምትፈራውን ነገር ያሳያታል፤ ጫጫታው ደግሞ መጥቶ ያንኑ ይሸፍነዋል። ይባስ ብሎ፣ ያየችውን አልተረዳችውም። ስትነቃ የሕልም መፍቻ መጽሐፍ ገልጣ በፊደል ተራ "ድብ"፣ "ድልድይ" እያለች ትፈልጋለች፤ መልስ አታገኝም። ምዕራፉን በገጣሚው ኑሮ ብቻ መተርጎም ስሕተት ነው፤ ፑሽኪን ስለ ታሰሩት ጓደኞቹ አንድ ቃል አልጻፈበትም። ቢሆንም በዚያ ሰሞን ስለ ወዳጅ መገደል የሚያሳይ ሕልም የጻፈ ሰው፣ ሌሊቱን ምን እየሰማ እንደነበር መገመት አያቅትም። ከዓመፀኞቹ አምስቱ በ1826 ሐምሌ ላይ ተሰቀሉ፤ ስቅላቸውን በረቂቆቹ ጠርዝ ላይ ሥሎታል።

አሁን የራሴን ልናገር። በሦስተኛው ቀን፣ ግቢው ጭር ሲል፣ የመጣብኝ ሰው ጓደኛዬ ነው። ከዓመት በፊት የመጀመሪያ የአጫጭር ልቦለድ መጽሐፉን ሲያስመርቅ መድረክ ላይ ወጥቼ አወድሼው ነበር። ንግግሬም በጽሑፍ ታትሟል። መጽሐፉን ግን ያነበብኩት ግማሹን ነው፤ ያነበብኩትም ግማሽ ገና ያልበሰለ ነበር። እሱ በእኔ ቃል ተበረታቶ ሁለተኛውን በብድር አሳተመ። ሳይሸጥ የቀረው ቅጂ አልጋው ሥር እንደተከመረ አውቃለሁ። ዓመቱን ሙሉ ይህንን ሳላስብ የኖርኩት በሥራና በጫጫታ ነው። ጸጥታ ስመኝ የኖርኩት ሰው፣ ጸጥታው ሲመጣ ይዞብኝ የመጣው ዕዳዬን ነበር። "ጸጥታ ስላጣሁ አልጻፍኩም" የምንለው ነገር፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ዓይነቱ ዕዳ መሸሻ ሰበብ ሳይሆን አይቀርም።

አባቶቻችን "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይላሉ። በዚያ ቀን ሎሌው ለጌታው የልቡን ሊናገር ይችላል፤ ቂም አይያዝበትም። ይህንን ተስፋ አድርጌ ለጥምቀት ዋዜማ ቤቱ ሄድኩና ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፦

"ግማሹን እንዳላነበብከው ያን ዕለት ነው የገባኝ" አለኝ። "የተናገርከው ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ ታሪኮች ነበር። ግን ሰው ፊት ስላወደስከኝ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።" ከመደርደሪያው አንድ ቅጂ አውርዶ ሰጠኝ። "አሁን የቀረውን አንብብልኝ።"

አነበብኩት። በመጨረሻው ታሪክ ውስጥ ሦስት ገጽ ያህል እውነተኛ ጽሑፍ አለ፤ መድረክ ላይ መናገር የነበረብኝ ስለእሱ ነበር። በእርሳስ አስምሬበት መለስኩለት። ሦስት ዓመት ያቆየሁት ረጅም ጽሑፍ ግን ዛሬም አላለቀም።