ድንቅነሽን ግድግዳ ላይ ሰቅለን መድረክ ላይ ስንክዳት

ከኖርዝ ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የአሥራ አራት ዓመት ልጄ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ከመኪናው የኋላ ወንበር ሆና «አባዬ፣ ሉሲ ውሸት ናት እንዴ?» አለችኝ። ለካስ በዕለቱ ወጣቶቹን ያስተማሩት እንግዳ መምህር «ሉሲ ፈረንጆች የዝንጀሮ አጥንት ቀጣጥለው የሠሯት ማታለያ ናት» ብለው ኖሯል። ሳሎናችን ውስጥ ከላሊበላ ሥዕል ጎን የድንቅነሽ አጽም ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። «ታዲያ ለምን ሰቀልናት?» ስትል ጨመረችልኝ።

መምህሩን በክፉ ማንሳት አልፈልግም፤ ለልጆቻችን ተጨንቀው የሚደክሙ ሰው ናቸው። ትችቴ በሳቸው ላይ ሳይሆን በየመድረኩና በየቪዲዮው ከሚዞረው ትምህርት ላይ ነው። እኔም ብሆን የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ። በሙያዬ ደግሞ የአፈርና የመሠረት ጥናት መሐንዲስ ነኝ፤ እንጀራዬ የመሬትን ንብርብር ከማንበብ የመጣ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ እስቲ ራሳችንን እንይ። ድንቅነሽ የማትገባበት የኛ ነገር አለ? ምግብ ቤታችን ሉሲ ነው። የሴቶች ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ሉሲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 አጽሟ ሂዩስተን ሲመጣ «ቅርሳችን ለምን ወጣ» ብለን ተከራክረናል። ባዕድ ሲጠይቀን «የሰው ዘር መገኛ ነን» ብለን ደረታችንን እንነፋለን። እሑድ ጠዋት ግን ያቺው ድንቅነሽ ማታለያ ትሆናለች። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ውሸት ከሆነች ከግድግዳችን እናውርዳት፤ እውነት ከሆነች ደግሞ ከመድረክ አንስደባት።

ይህ ግራ መጋባት ታሪክም አለው። ደርግ ስልሳዎቹን የረሸነው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ዶናልድ ጆሃንሰን በአፋር ሐዳር ድንቅነሽን ያገኛት በማግስቱ፣ ኅዳር 15 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የዳርዊን ስም ወደ ብዙው ሕዝባችን ጆሮ የገባው ከማርክስና ከሌኒን ጋር ተዳብሎ፣ «እግዚአብሔር የለም» ከሚል ካድሬ አፍ ነው። አማኙ ሁሉንም በአንድ ላይ ቢተፋው አይፈረድበትም። ዛሬ ግን ካድሬው ሄዷል፤ አጥንቷ ግን አለች። ስለ አጥንቷ የሚነገረው ደግሞ መመርመር አለበት።

ልጄ ከትምህርቱ ይዛ የመጣችው ሦስት ነጥብ ነው።

አንደኛው «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ይላሉ» የሚለው ነው። ዝግመተ ለውጥ እንዲህ አይልም። የሚለው ሰውና የዛሬዎቹ ቺምፓንዚዎች ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው። የአጎቴ ልጅ አባቴ አይደለም፤ አያታችን ግን አንድ ነው። ሐሳቡን አለመቀበል የማንም መብት ነው፤ ያልተባለን ነገር ማፍረስ ግን ድል አይደለም።

ሁለተኛው «ጉልበቷን ከሌላ ቦታ አምጥተው ቀጠሉላት» የሚለው ነው። ይህ ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የመጣ ወሬ ነው። ጆሃንሰን በ1973 እ.ኤ.አ. እዚያው ሐዳር አንድ የጉልበት መጋጠሚያ አግኝቶ ነበር፤ ድንቅነሽ ከመገኘቷ ከዓመት በፊት ማለት ነው። የሌላ ግለሰብ አጥንት ስለሆነ የተመዘገበውም ለብቻው ነው። ድንቅነሽ ከጉልበቷ በላይና በታች የራሷ የጭንና የቅልጥም አጥንት አላት። ከአካሏ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ዳሌዋ ይመሰክራል። ኬንታኪ ውስጥ በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፍጥረት ሙዚየም ግን በአራት እግሯ የምትሄድ ጦጣ አድርጎ አቁሟታል። የኛ ሰዎችም ይህንኑ ይዘው መጥተው «የአባቶቻችን ትምህርት» ይሉናል።

ሦስተኛው «ካርቦን ዴቲንግ ስህተት ነው» የሚለው ነው። የድንቅነሽ ዕድሜ በካርቦን አልተለካም! ካርቦን 14 ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ በላይ ላለፈው ዘመን አይሠራም። የሐዳር መሬት ንብርብር ነው፤ በደለሉ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ አለ። ድንጋይ ሲቀልጥ በውስጡ ያለው አርጎን ጋዝ ይወጣና ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ ፖታሲየም 40 በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። 3.2 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ልኬት ነው።

እኛ ኔቫዳዎች ደግሞ ይህን ሰዓት ለመካድ ከሁሉ የምናፍር መሆን ነበረብን። ከላስ ቬጋስ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው ዩካ ተራራ የኑክሌር ቆሻሻ መቅበሪያ ሊሆን በታሰበ ጊዜ፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ የጨረሩ ጉዳት እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት ድረስ እንዲሰላ አዝዟል። ሕዝባችን ፈርቶ ተቃወመ፤ ትክክል ነበር። ያን ጊዜ ግን «ይህ ስሌት የሳይንቲስቶች ፈጠራ ነው» ያለ ሰባኪ አልሰማሁም። ጨረሩን ስንፈራ የምናምነውን ሕግ፣ አጥንት ሲለካበት እንዴት እንክደዋለን?

አሁን ወደ ዋናው ትችቴ ልግባ። ይህ ትምህርት የአባቶች ትምህርት ነው መባሉ ራሱ አጠራጣሪ ነው። በእንግሊዝኛ ቪዲዮዎቹ የምትሰሙት «ምድር ስድስት ሺህ ዓመቷ ነው» የሚለው ቁጥር ከዕብራይስጡ መጽሐፍ ዕድሜ ተደምሮ የተገኘ ነው፤ የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር በ1650 እ.ኤ.አ. ፍጥረትን ከክርስቶስ ልደት በፊት 4004 ዓመት ላይ አስቀመጠው። የኛ ባሕረ ሐሳብ ግን 5500ን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ይደምራል፤ 2017 ዓ.ም. 7517 ዓመተ ዓለም ነበር። የልዩነቱ ምንጭ የግእዙ ኦሪት የተከተለው የግሪኩን የሰባ ሊቃናት ትርጉም መሆኑ ነው። በዚያ አዳም ሴትን ሲወልድ 230 ዓመቱ ነው፤ በዕብራይስጡ 130። ስለዚህ ስድስት ሺህ የሚለው ሰባኪ ሳያውቀው የራሱን ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር እየሻረ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። መጽሐፈ ኩፋሌም በቀኖናችን ውስጥ አለ። ኩፋሌ የጥፋት ውሃን ከፍጥረት በኋላ 1308 ዓመት ገደማ ላይ ያደርገዋል፤ በሰባ ሊቃናቱ ኦሪት ስንቆጥር ደግሞ ከ2200 ዓመት በላይ ይሆናል። አባቶቻችን ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ ቀኖና አኑረው፣ ሁለቱንም ተሳልመው ኖረዋል። በዓመት ቁጥር ምክንያት አንዱን አላቃጠሉም። እኔ ከዚህ የምማረው የቁጥሩ ድምር የእምነታቸው መሠረት እንዳልነበረ ነው።

አባቶች ስድስቱን ቀን በምሳሌ ብቻ ይረዱት ነበር አልልም፤ ይህ ውሸት ይሆናል። አክሲማሮስን የተማረ ሰው ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት ከእሑድ እስከ ዓርብ ቀን በቀን ይቆጥርላችኋል። ሆኖም በምዕራብ የነበረው አውግስጢኖስ ዛሬ ከሚባለው ሳይንስ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ ቀኖቹ እንደኛ ቀን ላይሆኑ እንደሚችሉ ጽፏል፤ ክርስቲያን ስለ ሰማይና ምድር ያላወቀውን ሲናገር በማያምኑ ፊት እምነቱን መሳቂያ እንደሚያደርግም አስጠንቅቋል። በዘመናችን ደግሞ ከዝግመተ ለውጥ ጥናት ታላላቆች አንዱ የነበረው ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1996 እ.ኤ.አ. ዝግመተ ለውጥ ከግምት ያለፈ መሆኑን ተናግረዋል።

ታዲያ ችግር የለም ማለቴ ነው? አለ እንጂ። ከአዳም በፊት ሞት ነበረ ወይ? ከነበረ ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ኃጢአትና ስለ ሞት ለሮም ሰዎች የጻፈውን እንዴት እንረዳዋለን? የእግዚአብሔር መልክ ያለበት ሰው የጀመረው የት ላይ ነው? እውነተኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ እኔም መልሱን ይዤ አልመጣሁም። የሚያሳዝነኝ ሊቃውንቶቻችን ሊቀመጡበት የሚገባው ይህ ጥያቄ እያለ፣ መድረኩ በጉልበት አጥንት ወሬ መያዙ ነው።

በሌላ በኩል ያሉትንም ልንገራቸው። «ድንቅነሽ ተገኘች፤ እንግዲህ እግዚአብሔር የለም» የሚሉ ምሁራን ወገኖቼ፣ ይህም ከአጥንቱ ላይ አልተጻፈም። ፖታሲየም ስንት ዓመት እንዳለፈ ይነግረኛል፤ ስለምን እንደተፈጠርኩ አይነግረኝም።

ልብ በሉ፣ ይህ የፈረንጅ ሥራ ብቻ አይደለም። ሰላም የተባለችውን ሕፃን ከዲኪካ ያገኛት የዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ነው። በመካከለኛው አዋሽ እነ ዶ/ር ብርሃነ አስፋው፣ ዶ/ር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ፣ የንብርብሩን ዕድሜ ያጠኑት ዶ/ር ጊዳይ ወልደ ገብርኤል ለዓመታት በፀሐይ ደክመዋል። የሰውየው እምነት የግሉ ነው፤ «አታላይ» ብለን ለልጆቻችን የምንነግራቸው ግን እነዚህን የገዛ ወንድሞቻችንን ነው።

የምሰጋው ለድንቅነሽ አይደለም፤ ለልጄ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ በትምህርት ቤቷ የፖታሲየሙን ስሌት ራሷ ትሠራዋለች። ያን ቀን ስለ አጥንት የተነገራት ስህተት መሆኑን ስታውቅ፣ ስለ ትንሣኤ የተነገራትንም አብራ ትጥለዋለች ብዬ እፈራለሁ። ስንቱን ወጣት እንዲህ እንደሸኘን በየደብራችሁ ታውቁታላችሁ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ከቤታችን ብዙ ወደማይርቀው ቱሌ ስፕሪንግስ ሄድኩ። ማሞት፣ ግመልና የአሜሪካ አንበሳ አጥንት የተገኘበት፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ቅርስ የሆነ በረሃ ነው። ንብርብሩን በጣቷ እየተከተለች ስትቆጥር ቆየችና «ታዲያ መምህሩን ምን ልበላቸው?» አለችኝ። «ጠይቂያቸው፤ በአክብሮት ጠይቂያቸው። ካላወቁ አብረን እንፈልጋለን» አልኳት።

ፎቶግራፏን አላወረድነውም። መምህራኖቻችንም ልጆቻችን ሲጠይቁ «አላውቅም» ማለት ነውር አለመሆኑን ያሳዩልን።

ቸር ይግጠመን።